በፍቺ ጊዜ የባልና የሚስት መብት፦ ቀለብ፣ ንብረትና ፍትሕ

በአዲስ አበባ የሚፈጸም ፍቺ የሚመራው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አዋጁ ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ ተዳፋት ባሉት የየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች የሚኖሩ ባልና ሚስት ትዳራቸው ሲፈርስ የሚዳኙት በዚህ ሕግ ነው። የእንጦጦን ጫፍ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ለሚወርድ ሰው ሕጉ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚሠራው የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን አውጥቷል። ክልሎች በቤተሰብ ጉዳይ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው በዝርዝሩ ይለያያሉ። መሠረታቸው ግን አንድ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እንደደነገገው ባልና ሚስት በጋብቻ አመሠራረት፣ በትዳር ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው።

ይህ እኩልነት በፍቺ ማግስት ይፈተናል። አሥር ወይም ሃያ ዓመት አብረው ከኖሩ ባለትዳሮች አንዱ ሙያውን፣ ደመወዙንና ደንበኞቹን ይዞ ሲወጣ፣ ልጅ ሲያሳድግና ቤት ሲያስተዳድር የኖረው ሌላው ወገን ምን ይዞ ይወጣል? የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽ በሦስት ነገሮች ላይ ቆሟል። እነዚህም ክርክሩ በሚካሄድባቸው ወራት የሚታዘዝ ቀለብ፣ የጋራ ሀብት እኩል ክፍፍልና የልጆች ቀለብ ናቸው። ከፍቺ በኋላ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ በየወሩ የሚከፈል ቀለብ በሕጉ ውስጥ የለም። ስለዚህ በዚህ አገር የፍቺ ፍትሕ የሚገኘው ወይም የሚታጣው በአብዛኛው ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ነው። ይህን የሚያውቅ ባለጉዳይ መብቱን በጊዜው ይጠይቃል፤ የማያውቅ ግን ግማሽ ድርሻው በወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀርበታል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ዜማ)

ፍቺ ለኢትዮጵያ ማኅበረሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። በአማራው አገር የቆየው የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሎች ፊት በውል የሚታሰር፣ በሽማግሎች ፊትም የሚፈታ ነበር። ሚስት ይዛው የገባችው ከብትና የአባቷ ርስት የእርሷ ሆኖ ይቆያል፤ በትዳር ዘመን የተፈራው ሀብት ደግሞ በፍቺ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። በቁርባን የታሰረ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጸንቶ እንዲኖር የታሰበ በመሆኑ የፍቺው በር እጅግ ጠባብ ነበር። በደሞዝ የገባች ሴት በበኩሏ የተስማማችበትን ክፍያ ከመቀበል በቀር በባልየው ሀብት ላይ ድርሻ አልነበራትም። እንጦጦን መናገሻቸው ያደረጉትን ዳግማዊ ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. ያገቡት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከዚያ በፊት ሌሎች ትዳሮች ነበሯቸው። ፍቺና ዳግም ጋብቻ በዘመኑ መኳንንት ዘንድ የተለመደ ነበር።

ልማዱ ግን ሁሉንም እኩል አልጠቀመም። ርስት ያላት የባላገር ልጅ ከባሏ ብትለይ የምትመለስበት መሬትና የሚከራከርላት ወገን ነበራት። ርስትም ዘመድም የሌላት ሴት ግን በሽማግሎቹ ቸርነት ላይ ወድቃ ትቀር ነበር። በልማድ የታወቀ መብት የሚጸናው የሚያስከብረው ኃይል ሲኖር ብቻ መሆኑ ያን ጊዜም የታየ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ ለቤተሰብ አስተዳደር አንድ ወጥ ሥርዓት አመጣ። በሌላ በኩል ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው። ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። የመኖሪያውን ስፍራ የሚመርጠው ባል ነበር፤ ከሚስቲቱ የሥራ ገቢ በቀር የጋራ ሀብቱን የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር። ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል የሚስቱን ሥራ የመቃወም መብትም ተሰጥቶት ነበር። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ሆነ። ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ እንደ ዝሙት ያለ ከባድ ምክንያት ማቅረብ ያልቻለ ወይም ለፍቺው ጥፋተኛ የተባለ ወገን በንብረት ክፍፍሉ ላይ ሊቀጣ ይችል ነበር። ገንዘቡ በባሏ እጅ ያለ፣ የምትሸሽበት ቤት የሌላት ሚስት በዚያ ሥርዓት ፍቺ መጠየቅ ይከብዳት ነበር። ጥፋቱን ማስረዳት የእርሷ ሸክም ነበር፤ ማስረዳት ካቃታት ደግሞ ቅጣቱም ለእርሷ ይተርፍ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል እነዚህ ድንጋጌዎች ከእርሱ ጋር ተጋጩ። ሆኖም አሮጌው ሕግ ወዲያው አልተነሣም። በዚያው ጊዜ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሕጉ እንዲሻሻል ጥናት በማቅረብ፣ ሕዝብ በማወያየትና ምክር ቤቱን በመወትወት ዓመታት ሠራ። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት መዓዛ አሸናፊ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። የ1992ቱ አዋጅ የባልን አለቅነት አስቀረ፣ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ፣ የጋራ ሀብትን አስተዳደር ለሁለቱም ሰጠ፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንንም ከሽማግሎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ብቻ አደረገ።

(አጭር የመሸጋገሪያ ዜማ)

በአዋጁ መሠረት ፍቺ በሁለት መንገድ ይገኛል። የመጀመሪያው በስምምነት ነው። ባልና ሚስት ለመለያየት ከተስማሙ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ንብረታቸው የተስማሙበትን ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ዳኛው ሁለቱን አንድ ላይ ወይም ለየብቻ ያነጋግራል፤ ፈቃዳቸው እውነተኛና ከጫና ነፃ መሆኑን፣ ስምምነቱም ከሕግና ከሞራል የማይቃረን መሆኑን አይቶ ያጸድቃል። ለየብቻ ማነጋገሩ ታላቅ ጥቅም አለው። በዛቻ የፈረመች ሚስት ወይም በማባበል ሁሉን የለቀቀ ባል እውነቱን ለመናገር ዕድል የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ባልና ሚስት በአንድነት ወይም አንዳቸው ብቻቸውን የሚያቀርቡት የፍቺ አቤቱታ ነው። አመልካቹ የሌላውን ጥፋት የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ፍርድ ቤቱ እንዲታረቁ ይመክራል፣ በመረጧቸው ሽማግሎች በኩል እንዲነጋገሩ ሊያደርግ ይችላል፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ፍቺው ይወሰናል። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። በየካ ክፍለ ከተማ ያሉ ባለትዳሮች ጉዳያቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የካ ምድብ ችሎት ነው። ሙስሊም ባለትዳሮች ሁለቱም በፈቃዳቸው ከመረጡ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪአ ፍርድ ቤቶች ሊዳኟቸው ይችላሉ፤ አንደኛው ወገን ካልፈቀደ ግን ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል።

የሕጉ ትልቁ የጾታ ፍትሕ መሣሪያ በአንቀጽ 82 ላይ ይገኛል። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስት መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ ወዲያው መስጠት አለበት። ከሁለቱ አንዳቸው ከቤት መውጣት ካለባቸውም ዳኛው የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ ማመዛዘን ይኖርበታል።

ለምሳሌ ያህል ከመገናኛ ኮተቤ በሚመላለስ ሚኒባስ የሚተዳደር ቤተሰብ እናስብ። መኪናው በባል ስም ነው፤ ሚስት አሥራ አራት ዓመት ሦስት ልጆች ስታሳድግ ኖራለች። ባል ቤቱን ጥሎ ወጥቶ የአስቤዛ ብር መስጠት አቆመ። ሚስት በቃለ መሐላ በተደገፈ ማመልከቻ አራት ነገሮችን በአንድ ጊዜ መጠየቅ ትችላለች፤ ለራሷ ጊዜያዊ ቀለብ፣ ለልጆቿ ቀለብ፣ ከልጆቿ ጋር በቤቱ የመቆየት መብት፣ መኪናው እንዳይሸጥ የሚከለክል እግድ። እግዱ ለተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ስሙ ሊዛወር አይችልም። ይህን ሁሉ ሳትጠይቅ የመጨረሻውን ፍርድ ብትጠብቅ፣ ፍርዱ በሚደርስበት ቀን መኪናው ሦስተኛ ሰው እጅ ገብቶ፣ እርሷም ለዕለት ጉርስ ብላ ተበድራ ልትገኝ ትችላለች። የተራበ ሰው በድርድር ጠረጴዛ ላይ እኩል ተደራዳሪ አይሆንም፤ ያነሰውን ተቀብሎ ይፈርማል። ጊዜያዊው ቀለብ የዕለት ጉርስ ብቻ ሳይሆን የመደራደር አቅምም የሆነው ለዚህ ነው።

ድንጋጌው ለሴት ብቻ የተጻፈ አይደለም። ታሞ ሥራ ያቆመ ባል፣ ሚስቱ ደመወዝተኛ ሆና ልጆቹን ቤት ውስጥ የሚያሳድግ አባት ይህንኑ መጠየቅ ይችላል። ሕጉ የሚያየው ጾታን ሳይሆን ችግርንና አቅምን ነው። ሆኖም በአብዛኛው ቤተሰብ ደመወዝ የሌለውን ሥራ የምትሠራው ሚስት በመሆኗ፣ ትእዛዙ ቢዘገይ ወይም ቢያንስ ጉዳቱ በብዛት የሚያርፈው በሴቶች ላይ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ዜማ)

ቀጥሎ የሚመጣው ንብረት ነው። ባልና ሚስት ሲጋቡ በእጃቸው የነበረ፣ ወይም ከተጋቡ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዳቸው የደረሰ ሀብት የግል ሀብት ነው። በትዳር ዘመን በጥረታቸው ያገኙት ገቢ፣ ከጋራውም ሆነ ከግል ሀብታቸው የሚገኘው ፍሬ ሁሉ የጋራ ነው። አንቀጽ 63 ከዚህ አልፎ ይሄዳል፤ ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ሆኖ ይቆጠራል። ማስረዳት ያለበት የጋራ ነው የሚለው ወገን ሳይሆን የግሌ ነው የሚለው ነው። በአንቀጽ 90 መሠረትም የጋራው ሀብት ለሁለት እኩል ይከፈላል።

የዚህ ግምት ዋጋ በእንጦጦ ግርጌ ኑሮ ላይ በግልጽ ይታያል። በሽሮ ሜዳና በአካባቢው በሽመና በሚተዳደር ቤት ሚስት ጥጡን ትዳምጣለች፣ ትፈትላለች፣ ድርና ማጉን ታዘጋጃለች፤ ባል ይሸምናል፣ ጋቢውንና ነጠላውን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ብሩ የሚገባው በእሱ እጅ ነው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚያወርዱ እናቶች ደግሞ ያገኙትን ዕለቱን ለቤት ወጪ ያውሉታል፤ የባል ገቢ ግን ተጠራቅሞ ቤት ይሠራበታል፣ ዕቃ ይገዛበታል። በሁለቱም ቤት ደረሰኝ የሚገኘው በባል ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። ሕጉ «ማን ምን ያህል አስገባ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ፈታይዋም ተሸካሚዋም በተሸነፉ ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ንብረቱ የተፈራው በትዳር ዘመን መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው።

የጎረቤት አገር ልምድ የዚህን ጥቅም ያጎላል። በኬንያ እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የባለትዳሮች ንብረት ሕግ ድርሻን በአስተዋጽኦ ይለካል። ቤት ማስተዳደርና ልጅ ማሳደግም በአስተዋጽኦነት ይቆጠራሉ፤ ይሁን እንጂ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ጋብቻ በራሱ እኩል ድርሻ እንደማያስገኝ ወስኗል። እዚያ ሚስት ያደረገችውን ሁሉ ማስረዳት አለባት። በኢትዮጵያ ያ ሸክም የለባትም።

የጋራ ሀብት በአንዱ ፈቃድ ብቻ እንዳይባክን አንቀጽ 68 ጥበቃ ያደርጋል። የጋራ ቤትን መሸጥ፣ ማከራየት ወይም ማስያዝ፣ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለሌላ ማስተላለፍ፣ ከ500 ብር በላይ መበደር ወይም ማበደር፣ ለሰው ዋስ መሆን የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ድርጊቱን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ካለፈ መብቱ ይቀራል። በትዳር ውስጥ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውልም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከጠብ በኋላ በሌሊት «ቤቱን ለቅቄያለሁ» ብሎ የተፈረመ ወረቀት መብትን አያስቀርም።

በየካ ሰፈሮች የመኖሪያ ቤቱ ዓይነት ክርክሩን ይለውጠዋል። ካርታ ያለው ይዞታ ላይ በትዳር ዘመን የተሠራ ቤት በዓይነት ሊከፈል ካልቻለ አንዱ የሌላውን ድርሻ ግምት ከፍሎ ያስቀረዋል፤ ካልተስማሙ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን የተደረገበት አሠራር ብዙ ሚስቶችን የስም ባለቤት አድርጓል፤ ዋጋው የተከፈለው በትዳር ዘመን ከሆነ ግን ቤቱ የጋራ መሆኑ አይቀርም። እኩልነት እዚህ ላይ ለባልም ይሠራል። ዕጣው ከጋብቻ በፊት ወጥቶ ዕዳው ከጋራ ገቢ ሲከፈል ከቆየ፣ ከጋራው ለግሉ የወጣው ገንዘብ በክፍፍሉ ጊዜ ይታሰባል። የቀበሌ ቤት ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ባልና ሚስት እንደ ሀብታቸው አይካፈሉትም፤ ያላቸው ተከራይነት ነው። የቀበሌ ቤት ለሚኖርበት ድሃ ቤተሰብ ዋናው ጥያቄ ማን በቤቱ ይቆያል የሚለው ነውና ከልጆች ጋር የሚቀረው ወገን ይህን ቀድሞ ማንሳት ይገባዋል።

ብዙ ባለጉዳዮች የሚረሱት ሀብትም አለ። የእቁብ ዕጣ፣ በባንክ ያለ ተቀማጭ፣ የሱቅ ዕቃ፣ አክሲዮን፣ ለሰው ያበደሩት ገንዘብ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። ሚስት ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት እየሠራች ለባሏ የላከችው ብር ቤት ከተሠራበት ቤቱ በማንም ስም ቢሆን የጋራ ነው፤ የተላከበት የባንክ ደረሰኝም ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በአንጻሩ ዕዳም ይከፈላል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ብድር ከክፍፍሉ በፊት ከጋራው ሀብት ይወጣል። በፍቺ ዋዜማ ከወዳጅ ጋር ተማክሮ የሚፈበረክ የብድር ወረቀት የሌላውን ድርሻ መብያ ሊሆን ስለሚችል፣ ብድሩ መቼ፣ ለምንና በማን ፈቃድ እንደተወሰደ መጠየቅ ተገቢ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ዜማ)

ፍቺው ተወስኖ ንብረቱ ገና ሳይከፈል የሚቆይበት ጊዜ የሕጉ ደካማ ጎን ነው። የንብረት ክርክር በባለሙያዎች ግምት፣ በምስክርና በይግባኝ ምክንያት ከፍቺው ውሳኔ በኋላ ለብቻው ሊቀጥል ይችላል። የትዳር ጓደኛ ቀለብ ግን በትዳሩ ላይ የቆመ ስለሆነ ከትዳሩ ጋር ያበቃል። ሱቁን ወይም መኪናውን የያዘው ወገን ገቢውን ሲያገኝ ሌላው ድርሻውን እየጠበቀ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ያለው መፍትሔ ንብረቱን ማሳገድ፣ ካልተከፈለው የጋራ ሀብት የሚገኘውን ኪራይና ትርፍም ድርሻ መጠየቅ ነው።

ሕጉ በአንቀጽ 84 ሌላ በር ይከፍታል። ፍትሕ ሲያስገድድ ፍርድ ቤቱ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ለሌላው ለደረሰበት ጉዳት ካሳ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ድብደባ፣ ማንገላታት ወይም ጥሎ መጥፋት የደረሰበት ወገን በዚህ ሊጠቀም ይችላል። ካሳው ግን የሚለካው በጥፋት እንጂ በችግር አይደለም። ማንም ሳይበድል ትዳሩ የፈረሰባት፣ በወጣትነቷ ትምህርቷን ወይም ሥራዋን ትታ ሃያ ዓመት ቤት ያስተዳደረች ሴት የምታሳየው ጥፋተኛ የላትም። የሚካፈሉት ሀብት ከሌለ ደግሞ የባዶ ግማሽ ባዶ ነው። ባልየው የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ ይቀበላል፤ እርሷ ግን የሥራ ልምድ በሚጠይቅ ገበያ ፊት ትቆማለች። ያ ደመወዝ የተገነባው በሁለቱ ድካም ቢሆንም ከፍቺ በኋላ የአንዱ ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት በተለያየ መንገድ ሞልተውታል። የደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. የ1979 የፍቺ ሕግ ዳኛው የትዳሩን ርዝመት፣ የሁለቱን ዕድሜና የመሥራት አቅም መዝኖ ለተወሰነ ወይም ለረጅም ጊዜ ቀለብ እንዲወስን ይፈቅዳል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሻሻለችው ሕግ እያንዳንዱ ከፍቺ በኋላ ራሱን እንዲችል መርሑን አጠንክራ፣ ትንሽ ልጅ ለሚያሳድግና በትዳሩ ምክንያት የሙያ ጉዳት ለደረሰበት ግን ቀለብን ጠብቃለች። ለኢትዮጵያ የሚስማማው የዕድሜ ልክ ቀለብ ላይሆን ይችላል። ሥራ እስኪገኝ፣ ሙያ እስኪለመድ ወይም ንብረቱ እስኪከፈል ድረስ በጊዜ የተወሰነ፣ ለባልም ለሚስትም እኩል ክፍት የሆነ የመቋቋሚያ ቀለብ ግን አሁን ያለውን እኩል ክፍፍል ይደግፈዋል እንጂ አያፈርሰውም።

የልጆች ቀለብ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የልጁ መብት እንጂ የእናት ወይም የአባት ጥቅም አይደለም። በአንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ ልጁን ማን እንደሚያሳድግ ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ያያል። እናት በመሆን ብቻ ወይም አባት በመሆን ብቻ ልጅ የሚሰጥበት ደንብ የለም። ድሃ መሆንም በራሱ ልጅ አያስነጥቅም፤ ገቢ ያለው ወላጅ ለማያሳድገው ልጁ ቀለብ እንዲከፍል ማድረግ ይቻላልና። መጠኑ በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ይወሰናል፤ ኑሮ ሲወደድ ወይም ገቢ ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ቀለብ የሚከፍል ወላጅ ልጁን የመጎብኘት መብቱ ሊከበርለት ይገባል። ቀለብ ቢቋረጥ ጉብኝትን መከልከል፣ ጉብኝት ቢከለከል ቀለብን ማቋረጥ ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ፤ ለሁለቱም መፍትሔው ፍርድ ቤት ነው።

የተወሰነ ቀለብ ካልተከፈለ ባለመብቱ በአፈጻጸም ችሎት ይጠይቃል። ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ ከደመወዙ ቀንሶ እንዲከፍል ያዛል። በግል ሥራ የሚተዳደር ሰው ገቢውን ዝቅ አድርጎ ሊናገር ስለሚችል የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ መግለጫ፣ ሊብሬና የሰው ምስክር ያስፈልጋሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ቀለብ የመስጠት ግዴታን ያለ በቂ ምክንያት አለመወጣትን በወንጀል ያስጠይቃል።

ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎችም ከሕጉ ውጭ አይደሉም። ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት በአንቀጽ 102 መሠረት የጋራቸው ይሆናል። ችግሩ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለ ግንኙነትም ሆነ በወሳኝ ኩነት ያልተመዘገበ ጋብቻ በጎረቤት፣ በእድር መዝገብና በፎቶግራፍ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ሆኖም ሙግቱ ይረዝማል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጋብቻም ፍቺም በመኖሪያ አካባቢ መመዝገብ ስላለባቸው፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚገኝ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የዓመታት ክርክርን ያስቀራል። ጠበቃ መግዛት ለማይችሉ ባለጉዳዮች የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ነፃ ምክር ይሰጣሉ፤ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችልም ድህነቱን አረጋግጦ ሳይከፍል መክሰስ እንዲችል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል።

የ1992ቱ ሕግ ከፍርድ ቤት ውጭም ለውጥ አምጥቷል። በዓለም ባንክ ተመራማሪዎች የተደረገ ጥናት፣ ሕጉ ቀድሞ በተሻሻለባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ ሴቶች ካልተሻሻለባቸው ይልቅ ከቤት ውጭ፣ ዓመቱን ሙሉና ከፍ ያለ ችሎታ በሚጠይቅ ሥራ የመሰማራት ዕድላቸው መጨመሩን አሳይቷል። የባል ፈቃድ ሳያስፈልጋት ሥራ መያዝ የምትችል፣ ያፈራችውም እንደማይቀማ የምታውቅ ሴት ትሠራለች፤ ቤተሰቡም ይጠቀማል። የፍቺ ሕግ ለሚፋቱት ብቻ የወጣ አይደለም። በትዳር ላሉትም በቤታቸው ውስጥ ያለውን ሚዛን ይወስናል፤ መብቱ የተጠበቀለት ሰው በፍቅር ይኖራል እንጂ በፍርሃት አይቆይም።

ለጾታ ፍትሕ ከዚህ በኋላ የሚቀሩት ሥራዎች የታወቁ ናቸው። ጊዜያዊ የቀለብ ትእዛዝ አቤቱታው በቀረበ ጊዜ ሳይዘገይ መሰጠት አለበት። ፍቺ ተወስኖ ንብረት ሳይከፈል ለሚቆይበት ጊዜ ግልጽ ጥበቃ ያስፈልጋል። ተከራካሪዎች ያላቸውን ሀብት ሁሉ በቃለ መሐላ እንዲዘረዝሩ፣ የደበቀም እንዲጠየቅ ማድረግ ይገባል። በረጅም ትዳር ሥራውን ለቤተሰቡ ለተወ ወገን በጊዜ የተወሰነ የመቋቋሚያ ቀለብ በሕግ ሊታሰብለት ይገባል። ባለትዳሮችም ጋብቻቸውን ማስመዝገብ፣ የጋራ ንብረታቸውን በሁለቱም ስም ማድረግ፣ የካርታ፣ የሊብሬና የባንክ ሰነዶችን ቅጂ ሁለቱም መያዝ ይጠበቅባቸዋል። እኩል ድርሻን ሕጉ ሰጥቷል፤ ያ ድርሻ በባለመብቱ እጅ እንዲገባ የሚያደርጉት ግን በጊዜው የቀረበ አቤቱታ፣ የተሟላ ማስረጃና ሳይዘገይ የተፈጸመ ትእዛዝ ናቸው።